ልጆቻችን በክረምት ምን ያንብቡ? ማንስ ይስማቸው?

ሰኔ 30 ካርድ ተሰጥቶ ተማሪዎች ሲበተኑ በባሕር ዳር ወላጆች ዘንድ በየዓመቱ የሚነሳው ጥያቄ «ክረምቱን የት ላስገባው?» የሚል ነው። ጥያቄው የሚነሳው ከእውነተኛ ስጋት ነው። ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ቤት ሲውል ስልክ ላይ ያፈጣል፣ ከሰፈር ሰፈር ይዞራል፣ ብቻውን ወደ ሐይቁ ዳር ይወርዳል፤ ይህ ሁሉ ወላጅን እንቅልፍ ይነሳል። ስለዚህ አቅም ያለው ልጁን የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ያስመዘግባል፤ ልጁም ሐምሌ ሳይጋመስ የመጪውን ዓመት ሒሳብና እንግሊዝኛ ይጀምራል። አቅም የሌለው ደግሞ «የእኔ ልጅ ወደ ኋላ ሊቀር ነው» እያለ ይብሰለሰላል። እኔ መምህር ነኝ፤ ለሁለቱም ወላጆች የምለው አንድ ነገር አለኝ። ልጅ በክረምት ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ራሱ የመረጠው መጽሐፍና ሲያነብ ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ነው። ማጠናከሪያው ከዚህ በኋላ ይድረስ።

ስለ ንባብ የምጨነቀው መጽሐፍ ስለምወድ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ከተፈተኑት የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ ውስጥ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። የዚያ ዘመን ልጆች አድገው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ሲደርሱ የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞች 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። ለዚህ ውጤት የመማሪያ መጽሐፍ እጥረት፣ በኮሮና ምክንያት የተዘጉት ወራት፣ ጦርነትና የመምህራን የኑሮ ጫና ሲጠቀሱ ሰምቻለሁ፤ ሁሉም ድርሻ አላቸው። ክፍል ውስጥ ቆሜ ከማየው ተነስቼ ግን አንድ ልጨምር። ብዙ ተማሪዎቼ ጥያቄውን መመለስ የሚያቅታቸው ጥያቄውን አንብበው ስለማይዘልቁት ነው። ሦስት መስመር የያዘ የታሪክ ጥያቄ ሲያዩ ዓይናቸው ወደ ምርጫዎቹ ይሸሻል፤ ሁለተኛው መስመር ላይ የተቀመጠው «ከሚከተሉት ውስጥ የማይሆነው» የሚለው ቃል ሳይታይ ያልፋል። ይህን ድካም የሒሳብ ማጠናከሪያ አያድነውም። የሚያድነው ረጅም ጽሑፍን ታግሦ የማንበብ ልማድ ነው፤ ልማዱ ደግሞ ፈተና በማያሳድድበት ወቅት ቢጀመር ይሻላል።

ፊደል የቆጠረ ልጅ ሁሉ ያነባል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ። ፊደላችን ለጀማሪ የተመቸ መሆኑ እውነት ነው፤ 33ቱን ሆሄያት ከነሰባት ቅርጻቸው የለየ ልጅ የቀረበለትን ቃል ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው እየጠራ ይሄዳል። ነገር ግን ጽሕፈታችን የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው ለይቶ አያሳይም፤ ያንን የሚወስነው የዐረፍተ ነገሩን ስሜት እየተከተለ የሚያነብ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ስለ ጣና ዓሣዎች የተጻፈች ቀጭን መጽሐፍ ይዞ እኛ ዘንድ ከርሞ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ፊደል የማታውቀው እናቴ እንዝርቷን ይዛ እየፈተለች ትሰማዋለች። «ዓሣው በአዋዜ ይበላል» የሚለው ላይ ሲደርስ የመጨረሻውን ቃል አላልቶ አነበበው። እናቴ እንዝርቷን አቆመችና «ዓሣው ነው እንዴ አዋዜ የሚበላው፣ ልጄ?» አለችው። ልጁ ዝም ብሎ መስመሩን እንደገና አየው፤ ከዚያም አጥብቆ አነበበና «ሰው ነው የሚበላው፣ እምዬ» አላት። በቀጣዮቹ ገጾች ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሲገጥመው ከማንበቡ በፊት ቆም ብሎ መስመሩን እስከ ጫፉ ማየት ጀመረ።

እናቴ ለልጁ ያደረገችለት ነገር በማጠናከሪያ ክፍል ውስጥ በቀላሉ አይገኝም፤ 50 ልጅ የያዘ መምህር የአንዱን ልጅ ድምፅ እንዲህ እየተከተለ መስማት አይችልም። እሷ የሰማችው ነገር ትርጉም አልሰጥ ሲላት ጠየቀች፤ አድማጭ ለመሆን ከዚህ የበለጠ እውቀት አያስፈልግም። ይህን የምጽፈው «እኔ አልተማርኩ፣ ልጄን በምን ላግዘው?» እያሉ ለሚያዝኑ እናቶችና አባቶች ነው። ደብተሩን ማረም አትችሉ ይሆናል፤ ልጁ ሲያነብ ተቀምጦ መስማትና «ከዚያስ ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ግን ትችላላችሁ።

በጣና ዙሪያ ይህ ነባር ልማድ ነው። በዘጌና በደሴቶቹ ገዳማት፣ በጎጃምም በየደብሩ በንባብ ቤት ያለፈ ሰው እንደሚያውቀው፣ ተማሪ የሚያነበው በየኔታ ፊት ሆኖ ድምፁን አውጥቶ ነው። ከመልእክተ ዮሐንስ ተነስቶ ወንጌሉን ያነባል፣ ከዚያም ዳዊት ይደግማል፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍና ተጣይ የሚባሉትን የግእዝ ንባብ ስልቶች ሳይለይ ካነበበ የኔታ ያቆሙታል። ዓይናቸው የማያይ የኔታዎች ነበሩ፤ መጽሐፉን ሳያዩ ስሕተቱን በጆሯቸው ብቻ ይይዙ ነበር። ቁርኣን የሚቀሩ የመድረሳ ልጆችም ትምህርታቸውን የሚያቀርቡት በመምህራቸው ፊት ድምፅ አውጥተው ነው። በነሐሴ የመጀመሪያዎቹ 15 ቀናት፣ በጾመ ፍልሰታ፣ በየአጥቢያው ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ ሲተረጎም ልጆች ነጠላቸውን አጣፍተው ከአዋቂዎች ጋር ቁጭ ብለው ይሰማሉ፤ አንድ ገጽ ተነብቦ፣ ቆም ተብሎ፣ ምን ማለት እንደሆነ ሲነገር ያያሉ። እኛ በዘመናዊ ትምህርት ቤት ያለፍን ሰዎች ግን ንባብ ዝም ብሎ ለብቻ የሚሠራ ሥራ ነው የሚል ሐሳብ ይዘን፣ ገና ያልጠነከሩትን ልጆች ያለ አድማጭ ትተናቸዋል። አዋቂ አንባቢ በዝምታ ማንበቡ ተገቢ ነው፤ የአራተኛ ክፍል ልጅ ግን የኔታውን ይፈልጋል።

የክረምትን ዕረፍት የሚመለከቱ ጥናቶች በብዛት የተሠሩት በአሜሪካ ነው፤ የእነሱ ረጅም ዕረፍት በፀሐዩ ወራት ይውላል እንጂ ከእኛው ጋር የሚገጥም ጊዜ ነው። በባልቲሞር ከተማ እ.ኤ.አ. በ1982 አንደኛ ክፍል የገቡ ልጆችን ለረጅም ዓመታት የተከተሉ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች፣ የድሃና የተሻለ ኑሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ትምህርት ቤት ክፍት ሲሆን የሚያሳዩት ዕድገት ተቀራራቢ መሆኑን፣ የንባብ ልዩነታቸው የሚሰፋው ግን በዕረፍት ወራት መሆኑን ጽፈዋል። ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የልዩነቱ መጠን ላይ ቢከራከሩም፣ ቤቱ መጽሐፍ የሌለበት ልጅ በዕረፍት ጊዜ ብዙ እንደሚቀርበት ለማመን ለእኔ አስቸጋሪ አይደለም። በፍሎሪዳ ደግሞ ሪቻርድ አሊንግተንና አን ማክጊል-ፍራንዘን በድሃ ሰፈሮች ባሉ ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ ልጆች ሦስት ተከታታይ ዕረፍቶች ላይ በየጊዜው 12 መጻሕፍት ሰጡ፤ መጻሕፍቱን ከተዘረጋላቸው መካከል የመረጡት ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ውጤት እነዚህ ልጆች መጽሐፍ ካልተሰጣቸው እኩዮቻቸው በንባብ ፈተና በልጠው ተገኝተዋል፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየውም እጅግ ድሃ በሆኑት ላይ ነበር። ጄምስ ኪምና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጡት ጥናት ደግሞ ሌላ ነገር ይጨምራል። መጽሐፍ ብቻ የደረሳቸው ልጆች ብዙም ለውጥ አላሳዩም፤ ከዕረፍቱ በፊት መምህራቸው ጮክ ብሎ ማንበብንና ያነበቡትን መልሶ መናገርን ያለማመዳቸው፣ ቤታቸውም ለቤተሰብ እንዲያነቡ የተደረጉት ግን ተሻሽለዋል። ሁለቱን ሥራዎች አንድ ላይ ሳያቸው ምርጫው ለልጁ፣ ማድመጡ ለቤተሰቡ ተብሎ የተከፋፈለ ሆኖ ይታየኛል።

መጽሐፉን ልጁ ይምረጠው ስል ወላጆች ይቃወሙኛል። «እሱ ከመረጠማ የማይረባውን ነው የሚያነበው፣ መምህር» ይሉኛል። የማይረባ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ የስፖርት ጋዜጣን፣ የፍቅር ልብ ወለድን፣ የወንጀል ምርመራ ታሪክን ወይም ሥዕል የበዛበትን ተረት ነው። ስምንተኛ ክፍል ደርሶ ተረት የሚመርጥ ልጅ ካለ፣ በአሁኑ አቅሙ ሳይደክም የሚዘልቀው ተረት ስለሆነ ነውና ይተውለት፤ አምስት ተረት ከጨረሰ በኋላ ስድስተኛውን ራሱ ወፈር ያለ ይመርጣል። በሰው እጅ የተጫነበትን ታላቅ መጽሐፍ ግን 20ኛው ገጽ ላይ አጥፎ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያም «እኔ ማንበብ አይሆንልኝም» የሚል እምነት ይዞ መስከረም ይደርሳል። ይህ እምነት አንድ ዓመት ትምህርት ከማጣት የከበደ ጉዳት ነው ብዬ አምናለሁ፤ በአሥረኛ ክፍል ተማሪዎች አፍ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁና።

ልብ ወለድ ጭራሽ የማይወድ ልጅም አለ፤ እንዲህ ያለውን ልጅ አንባቢ አይደለም ብሎ መፈረጅ ስሕተት ነው። በሐይቁ ዳር የሚያድግ ልጅ ቀረሶን ከአምባዛ በሩቁ ይለያል። ጣና ውስጥ በሳይንስ ስማቸው ላቤዮባርበስ የሚባሉ፣ በዓለም ላይ ሌላ የትም የማይገኙ ከ15 ያላነሱ የዓሣ ዝርያዎች እንዳሉ፣ ከእነሱም ብዙዎቹ ልክ በዚህ በክረምቱ ወራት እንደ ጉማራ ወዳሉት ገባር ወንዞች ወጥተው እንቁላል እንደሚጥሉ፣ በዚያ ጉዞ ላይ ሳሉ መረብ ስለሚጠብቃቸው ቁጥራቸው እንደተመናመነ ንገሩትና ፊቱን እዩት። ከዚያ በኋላ ስለ ዓሣ የተጻፈ 40 ገጽ አይበዛበትም። ለሌላው ልጅ ይህ የሞተር አሠራር ይሆናል፤ ለሌላዋ የሰው አካል፣ የጠፈር ነገር ወይም የአፄ ቴዎድሮስ ዘመን ይሆናል። ወላጅ የሚያስፈልገው ልጁ ሳይጠየቅ የሚያወራውን ነገር ለአንድ ሳምንት ልብ ብሎ ማዳመጥ ነው፤ መጽሐፉ የሚፈለገው በዚያ በኩል ነው።

መጽሐፍ ተወደደ፤ ይህን ማንም ይክደዋል ብዬ አላስብም። የወረቀትና የሕትመት ዋጋ በጨመረ ቁጥር አዲስ መጽሐፍ ከብዙ ቤተሰብ አቅም ወጥቷል። ሆኖም ያገለገሉ መጻሕፍትን መንገድ ዳር ላስቲክ ላይ ዘርግተው የሚሸጡ ወጣቶች አሉ፤ አንብቦ ለመለሰ ሰው በሌላ የሚለውጡ፣ በኪራይም የሚሰጡ ይገኙባቸዋል። ልጁን ይዞ ሄዶ «ከእነዚህ አንዱን ምረጥ» ማለት በራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ቁጢጥ ብሎ የጀርባውን ጽሑፍ እያነበበ ሲያማርጥ ንባቡ ተጀምሯል። የቡሄ ዕለት ሆያ ሆዬ ብለው የሰበሰቡትን ብር የሚካፈሉ የሰፈር ልጆች አንዳንድ መጽሐፍ ገዝተው ቢለዋወጡ እያንዳንዱ በአንድ ዋጋ አምስት ስድስት ያነባል። በቴሌግራም የሚዘዋወሩትን ፒዲኤፎች በተመለከተ ያለኝ ስሜት ሁለት ነው። ደራሲው የደከመበት ሥራ ያለ ፈቃዱ ሲሰራጭ ማየት ያሳዝነኛል፤ መጽሐፍ ያጣ ልጅ የመማሪያ መጽሐፉን በስልክ ሲያነብ ግን አልከለክለውም። ስልክ ላይ የሚነበብ መጽሐፍ ያለበት ችግር መልእክት በመጣ ቁጥር መቋረጡ ነውና ዳታው ይጥፋ።

ክረምቱን በዕረፍት የማያሳልፉ ልጆችም አሉ። በፎገራ ሜዳ ሐምሌና ነሐሴ የሩዝ ሥራ የሚበዛበት ወቅት ነው፤ አረሙ የልጆችን እጅ ይፈልጋል። በሌላውም ገጠር ከብት የሚጠብቀው ተማሪው ነው። ለእነዚህ ልጆች «ቀኑን ሙሉ አንብቡ» ማለት ኑሯቸውን አለማወቅ ነው፤ ማታ እራት እስኪደርስ ያለችው ጊዜ ግን ትበቃለች። ደግሞም በክልላችን ባለው ግጭት ትምህርት ቤቶቻቸው የተዘጉባቸው፣ ከትምህርት ገበታ የራቁ ልጆች በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው። ለእነሱ የዕረፍቱ ወራት ሐምሌና ነሐሴ ብቻ ሆነው አልቀሩም። ሰኔም መስከረምም ትርጉም ያጣበት ቤት ውስጥ ታላቅ ወንድም ለታናሽ እህቱ የሚያነብላት አሮጌ መማሪያ መጽሐፍ ትምህርት ቤት ሆኖላታል፤ ከገጠር ተፈናቅለው ከተማችን ከገቡ ቤተሰቦች መካከል ይህን የሚያደርጉ ወጣቶች አውቃለሁ፣ ከልብም አከብራቸዋለሁ። የንባብን ነገር ለክረምት መዝናኛ ብቻ አድርጎ ማየት የማይቻለውም ለዚህ ነው።

ስንት ይነበብ ለሚሉኝ ወላጆች የምሰጠው መልስ ቀላል ነው። ሐምሌ፣ ነሐሴና ጳጉሜን 65 ቀን ናቸው፤ በቀን 10 ገጽ የሚያነብ ልጅ እስከ እንቁጣጣሽ 650 ገጽ ይዘልቃል፤ ይህም መካከለኛ ውፍረት ያላቸው ሦስት ወይም አራት መጻሕፍት ማለት ነው። 10 ገጽ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። መብራት በሚጠፋበት ወቅት ለማታ ከማቆየት ከሰዓት በኋላ ልጁ በዝናቡ ምክንያት ከቤት በማይወጣበት ሰዓት ቢደረግ ይመረጣል። ያነበበውን ጽፎ እንዲያሳይ፣ ማጠቃለያ እንዲሠራ፣ ነጥብ እንዲያገኝ አታድርጉ፤ እራት ላይ ይተርክላችሁ። ሲተርክ ቅደም ተከተሉ ከተዛባበት እናንተ ስለማይገባችሁ ትጠይቁታላችሁ፤ እሱም ተመልሶ ያያል።

ለትምህርት ቤቶች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። በአብዛኛው ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍቱ በሰኔ መጨረሻ ይቆለፋል፤ መጻሕፍቱ ተቆጥረው ርክክብ ይደረጋል፤ ከዚያም ልጆች ለማንበብ ነፃ ጊዜ ባገኙባቸው ሁለት ወራት መደርደሪያ ላይ አቧራና እርጥበት ይጠጣሉ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛው እያንዳንዱን መጽሐፍ እንደ ንብረት ስለሚጠየቅበት፣ ጉድለት ከተገኘም ከደመወዙ ሊቆረጥበት ስለሚችል፣ አለማዋስ ለእሱ ከሁሉ የሚሻል መንገድ ነው። በዚህ ሠራተኛው አይወቀስም፤ አሠራሩ ነው መለወጥ ያለበት። ካርድ በሚሰጥበት ዕለት ወላጅ ከልጁ ጋር ግቢ ውስጥ ይገኛል፤ ያን ዕለት መጻሕፍቱ በየክፍሉ ጠረጴዛ ላይ ይዘርጉ፣ ልጁ ሦስት ይምረጥ፣ ወላጁ ይፈርምለት፣ መጻሕፍቱም ከዝናብ እንዲጠበቁ በላስቲክ ተጠቅልለው ይሰጡት። የክፍሉ መምህር በዚያው ቀን ለወላጁ ልጁ ጮክ ብሎ ሲያነብ እንዲሰማው በሁለት ደቂቃ ይንገረው። የሚመለሱበት ቀን በነሐሴ መጨረሻ የምዝገባው ቀን ይሁን፤ መጽሐፍ የጠፋበት ልጅ ግን ከምዝገባ አይከልከል፤ የተቀደደውና የጠፋው መጽሐፍ በክፍሉ መምህርና በርእሰ መምህሩ ፊርማ ከመዝገብ የሚሰረዝበት ደብዳቤ ከትምህርት መምሪያው እስከ ሰኔ መጀመሪያ ይጻፍልን።